የጋዜጠኞች አድራሻ በገንዘብ ይገዛልን?

ተመርቀን ስንወጣ ከመካከላችን ጥቂት የማንባለው በሕዝብ ግንኙነት ሥራ ላይ መመደባችን አይቀርም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እንዲመድቡ አዟልና፥ ከደብረ ታቦር የዞን መምሪያዎች አንሥቶ እስከ ፋርጣና እስከ እስቴ ወረዳ ድረስ ይህ ዓይነቱ ወንበር አለ። በወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ «ይህን ወሬ ለማን ልላከው?» የሚል ነው። የዚህን ጥያቄ መልስ በገንዘብ የሚሸጡ ድርጅቶች በዓለም ላይ ሞልተዋል። እንግዲህ ገንዘቡ የሚገባቸው መሆን አለመሆኑን እንመርምር።

ንግዱ አዲስ አይደለም። በአሜሪካን አገር አይቪ ሊ የተባለው ሰው በ1906 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ የባቡር አደጋ ለጋዜጦች ያደለው ጽሑፍ የመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫ እንደ ሆነ ይነገራል። መግለጫ ካለ ተቀባይ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በቺካጎ ቤከን የተባለ ድርጅት የጋዜጦችንና የአዘጋጆችን ስም ከነአድራሻቸው በመጽሐፍ እያሳተመ ይሸጥ ነበር። ዛሬ እነ ሲዥንና መክ ራክ ይህንኑ በኮምፒዩተር ያከራያሉ። ዋጋቸውን በአደባባይ አይለጥፉም፤ ደንበኛው ይጠይቃል፥ እነሱም እንደ ደንበኛው አቅም ይነግሩታል (የመርካቶ ነጋዴ ይህን ቢሰማ አይደነቅም)። ክፍያውም በዶላር ነው።

ሻጮቹ የሚያስከፍሉት ለስሙ ብቻ እንዳይመስለን። ስምማ በየጋዜጣው ላይ ታትሞ ይገኛል። ዋናው ዋጋ የጥበቃው ነው፤ ማለት ማን ሥራ እንደ ለቀቀ፥ ማን ከስፖርት ወደ ኢኮኖሚ ዐምድ እንደ ተዛወረ፥ ሰሞኑን ምን እንደ ጻፈ እየተከታተሉ መዝገቡን ማደስ ነው። ይህ ድካም ባይኖር ዝርዝሩ ባንድ ዓመት ውስጥ ይሻግታል። በእኛ አገር ደግሞ የሚሻግተው ከሌላው ፈጥኖ ነው። ዛሬ የዜና ክፍል ባልደረባ የነበረ ሰው ነገ የአንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት ወይም የሚኒስቴር ኮሙዩኒኬሽን ሠራተኛ ሆኖ ይገኛል። መሥሪያ ቤቶቹም ስማቸውን ይለውጣሉ፤ የመገናኛ ብዙኃንን የሚመዘግበው ራሱ የኢትዮጵያ ብሮድካስት ባለሥልጣን የነበረው በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1238 የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ተብሏል። ከዚህም ሌላ በኤፍ ኤም ጣቢያዎች ላይ ብዙው ዝግጅት የአየር ሰዓት የገዙ ተባባሪ አዘጋጆች ሥራ ነው። የጣቢያውን ዋና ኃላፊ ስልክ በውድ ገዝቶ ያገኘ ሰው እንግዳ የሚጋብዘውን ሰው ገና አላገኘም።

ርካሹ ዝርዝር የባሰ ነው። አንድ ጊዜ የተጠናቀረ የኤክሴል መዝገብ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ሲሸጥ ጥበቃ የሚባል ነገር የለውም፤ ባለ ስልኩም ፈቃዱን አልተጠየቀም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን ስምና የእጅ ስልክ ቁጥር እንደ ተራ ዕቃ ማዘዋወርን ዝም ብሎ የሚያልፍ አይደለም። ነገሩም የሕግ ብቻ አይደለም። በግንቦት 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር የዩቲዩብ መገናኛ ብዙኃን ባልደረቦች ታስረዋል፤ በእንዲህ ያለ ክልል የአንድ ሪፖርተር የግል ቁጥር በማን እጅ እንደሚገባ ሳያውቁ መሸጥም ሆነ መግዛት ጨዋነት ነው ለማለት እቸገራለሁ።

እስቲ ነገሩን ወደ አገራችን እናምጣው። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል፥ እኛ ቡሄ የምንለው ነው፤ የከተማዋም ስም ከበዓሉ ጋር አንድ ነው። ከከተማው አጠገብ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ጋፋት አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ይህን ለማስተዋወቅ ሁለት መቶ ስም ያለበት ዝርዝር ቢገዛ ምን ያገኛል? በኩር ሳምንታዊ ነው፤ የአማርኛው ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ ይወጣል፤ አዲስ ዘመን ዕለታዊ ነው። በዋዜማው የተላከ መግለጫ ለአንዱ ቢደርስ ለሌላው ያልፍበታል። ሬዲዮ የጅራፉን ጩኸትና የሆያ ሆዬውን ድምፅ ይፈልጋል፥ ቴሌቪዥን ሥዕል ይፈልጋል፥ የኢኮኖሚ ጋዜጣ ግን ሆቴሎቹ ስንት ሌሊት እንደ ሞሉ ይጠይቃል። ለሁለት መቶው ሁሉ የተላከ አንድ ወረቀት ከእነዚህ ለአንዳቸውም አይመልስም።

ለዚህ ሥራ የሚበቃው መዝገብ ከዐሥራ አምስት መሥመር አይበልጥም፤ የሚገኘውም በነፃ ለማለት ይቻላል። ከየጋዜጣው አንዳንድ ቅጂ ገዝቶ የዋና አዘጋጁንና የዝግጅት ክፍሉን አድራሻ መገልበጥ፥ የተመዘገቡትን ጣቢያዎች ከባለሥልጣኑ መጠየቅ፥ ከዚያ ደውሎ «ስለ ሰሜኑ ክፍል የሚሠራው ማነው? መቼ ቢደርሰው ይወዳል?» ማለት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ ኢሜይል ብቻ የያዘ መዝገብ ምን ሊሠራ እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ። የዝግጅት ክፍሉን መደበኛ ስልክ የጻፈ ሰው ግን ቢያንስ የሚደውልበት ነበረው።

በእኛ አገር የሕዝብ ግንኙነትን በጀት የሚበላው ሌላ ክፍያ መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ ትዝብት ይሆንብኛል፤ እርሱም አበል ነው። ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጋዜጠኛው በመሥሪያ ቤቱ መኪና ቢመጣና ምሳ ቢጋበዝ ክፉ አይደለም። በስብሰባው መጨረሻ በፖስታ የሚታደለው ግን ዝርዝር ከመግዛት የከፋ ነው፤ ዝርዝሩ አድራሻ ሲሸጥልን ፖስታው የሚገዛው ጥያቄ ያለመጠየቅን ነው። ወሬው ይወጣል፥ ሆኖም ማንም አያምነውም።

በገንዘብ መግዛት የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። ጉና ተራራንና ጋፋትን ለአውሮፓ መንገደኞች ለማሳየት የሚሻ አስጎብኚ በፓሪስና በበርሊን ስለ ጉዞ የሚጽፉትን ከደብረ ታቦር ተቀምጦ ሊያውቃቸው አይችልም። እርሱ አጭር ውል ቢፈልግና ለሥራው የሚሆኑትን ሠላሳ ሰዎች መርጦ ጽሑፎቻቸውን አንብቦ ለየግላቸው ቢጽፍ ገንዘቡ አይባክንም። የእኛው የወረዳ ባልደረባ ግን አንድ ደብተር ይበቃዋል፤ ከየስሙ ጎን መጨረሻ የደወለበትን ቀን ይጻፍ፥ ስድስት ወር ላለፈው እንደገና ይደውል።