የኮከቡ ጫፍ ለምን ይቆረጣል?

ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተገጣጠመ ከሚሠራው የአሜሪካኖች ብርድ ልብስ፣ ከኩዊልት፣ ታዋቂ ንድፎች አንዱ የኦሃዮ ኮከብ ነው። ዘጠኝ እኩል ካሬዎች ሦስት በሦስት ይደረደራሉ። የአራቱ ማዕዘንና የመሀሉ ካሬዎች እያንዳንዳቸው ከአንድ ወጥ ጨርቅ ይቆረጣሉ፤ የቀሩት አራቱ ግን እያንዳንዳቸው ከአራት ሦስት ማዕዘኖች የተሰፉ መስቀለኛ ካሬዎች ናቸው። የኮከቡ ስምንት ጫፎች የሚወጡት ከእነዚህ ነው።

ጀማሪ ስትሰፋው ጫፎቹ ሹል ሆነው አይቀሩም፤ አንዱን ስፌቱ ይበላዋል፣ ሌላው ከቦታው ይሸሻል። ብዙዎች ይህንን ሲያዩ “እጄ አልተፈታም” ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ከእጅ ይልቅ የጨርቅ ጠባይና የጥቂት ሒሳብ ነው፤ ሁለቱም ይለመዳሉ።

ከስፌቱ እንነሳ። በኩዊልት ሥራ ከስፌቱ ውጭ የሚተወው ትርፍ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ተሰፍቶ ሲያልቅ 3 ኢንች የሚሆን ካሬ 3.5 ኢንች ተደርጎ ይቆረጣል። ሆኖም ልክ ሩብ ኢንቹ ላይ የሰፋ ሰው ሥራው ከታሰበው አንሶ ያገኘዋል። ጨርቅ ውፍረት አለው፤ ትርፉ ወደ ጎን ተኝቶ ሲተኮስ ጨርቁ በክሩ ላይ ስለሚታጠፍ እጥፋቱ ራሱ ከስፋቱ ጥቂት ይወስዳል። ልምድ ያላቸው ሰፊዎች መርፌውን አንድ ሁለት የክር ውፍረት ያህል ወደ ጠርዙ የሚያስጠጉት ለዚህ ነው። የስፌት መኪናው በትክክል መስተካከሉን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፦ 1.5 ኢንች ስፋት ያላቸው ሦስት ቁራጮች ጎን ለጎን ተሰፍተው ይተኮሱና መካከለኛው ይለካል። ልክ 1 ኢንች ካልሆነ ሥራው አይጀመርም።

ትንሿ ስህተት ይህን ያህል የምትከብደው ለምንድን ነው? ስህተት አቅጣጫ ስላለው ነው። አንዲት ሰፊ በእያንዳንዱ ስፌት ትርፉን አንድ ሚሊ ሜትር ብታስበልጥ፣ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚሄድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይጎድላል። ስምንት ኮከቦች ጎን ለጎን በሚደረደሩበት ብርድ ልብስ አንዱ ረድፍ 24 ካሬዎችና 23 መገጣጠሚያዎች አሉት፤ ጉድለቱ 46 ሚሊ ሜትር ደረሰ ማለት ነው። እጇ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ በአንድ ሚሊ ሜትር የሚወዛወዝ ቢሆን ግን ትርፉና ጉድለቱ ይጣፋሉ። ያኔ ስህተቱ የሚያድገው በስፌቶቹ ብዛት ሳይሆን በብዛታቸው ስኩዌር ሩት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊ ሜትር አያልፍም። የሚያስፈራው የሚንቀጠቀጥ እጅ ሳይሆን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያደላ መኪና ነው።

ከዚህም የባሰው የስፌት ብዛታቸው የተለያየ ካሬዎች ሲገናኙ ነው። የኦሃዮ ኮከብ ወጥ ካሬ ውስጡ ስፌት የለውም፤ መስቀለኛው ሁለት ሰያፍ ስፌቶች አሉት። በእነዚህ ላይ ያቺው አንድ ሚሊ ሜትር ስትደጋገም መስቀለኛው ካሬ ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ያንሳል። ሁለቱን በግድ ለማስተካከል የምትጎትት ሰፊ ጨርቁን ታሸበሽባለች፣ ጫፉንም ታጣለች።

ለመስቀለኛው ካሬ የሚሆኑት ሦስት ማዕዘኖች የሚገኙት አንድ ትልቅ ካሬ በሁለቱም ሰያፍ ሲቆረጥ ነው። የሚታወቀው ልክ ከተፈለገው ስፋት 1.25 ኢንች መጨመር ነው፤ ለ3 ኢንች 4.25 ኢንች። ቁጥሩ ከየት መጣ? የሦስት ማዕዘኑ ሁለቱ ጫፎች 45 ዲግሪ ስለሆኑ በጣም ሹል ናቸው፤ ከሁለቱም ጎን ሩብ ኢንች ገብተን ስንሰፋ የስፌቶቹ መገናኛ ከጨርቁ ጫፍ 0.6 ኢንች ያህል ይርቃል። በሁለቱ ጫፎች ሲደመር 1.207 ይሆናል። ይህ በማስመሪያ ላይ ስለማይገኝ ወደ 1.25 ተጠጋ። እንግዲህ መመሪያውን አንድ ሳያጎድል የተከተለ ሰው እንኳ ካሬው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይበልጥበታል። ስህተቱ ከሰፊዋ ሳይሆን ከተጠጋጋው ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ። የድሩ ክር በሽመና ጊዜ ተወጥሮ ስለሚቆይ በርዝመቱ ብዙም አይሳብም፤ በማጉ በኩል ትንሽ ይሳባል፤ በሰያፍ ግን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። በሰያፍ ሲጎተት ክሮቹ ራሳቸው አይረዝሙም። በድርና በማግ መካከል ያለችው ትንሽ ካሬ ናት ቅርጿን የምትለውጠው፤ አራት እንጨቶች በየማዕዘናቸው በአንድ አንድ ምስማር ብቻ ተመትተው ከጎን ሲገፉ እንደሚጋደሙት ማለት ነው። ካሬን በሁለቱም ሰያፍ መቁረጥ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ የሦስት ማዕዘኑ ረጅም ጎን በክሩ አቅጣጫ ሄዶ የመስቀለኛውን ካሬ ውጫዊ ጠርዝ ይሠራል፤ የሚለጠጡት አጭር ጎኖች ወደ ውስጥ ገብተው በስፌት ይያዛሉ።

እኔ የምመርጠው ግን ሰያፍ ጠርዝን ከስፌት በፊት ጨርሶ አለመክፈት ነው። 4.5 ኢንች የሆኑ ሁለት ካሬዎች ተደራርበው በሰያፍ መስመር ይሰመርባቸዋል፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ በሩብ ኢንች ይሰፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው መስመሩ የሚቆረጠው። የተገኙት ሁለት ቁራጮች ቀለማቸው ተቃራኒ ሆኖ ይደራረቡና ሥራው በሌላኛው ሰያፍ ይደገማል። ውጤቱ ከሚፈለገው ሩብ ኢንች ያህል ይበልጣል፤ የሚፈለገውም ይኸው ትርፍ ነው። የስፌቶቹ መስቀል ከአራቱም ጠርዝ 1.75 ኢንች እንዲርቅ ማስመሪያ ይቀመጥና ዙሪያው ወደ 3.5 ኢንች ይከረከማል። እስከዚያ የተጠራቀመው የመቁረጥ፣ የመስፋትና የመተኮስ ስህተት ከክርካሚው ጋር ይጣላል፤ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይሻገርም። የጃፓኑ ኦልፋ ኩባንያ በ1979 ክብ ምላጭ ያለው ተሽከርካሪ መቁረጫ ካወጣ ወዲህ ይህ ሥራ ከመቀስ ዘመን በጣም ቀሏል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሹል ጫፍ ለሚፈልግ ንድፍ ነው። በአላባማ የጂስ ቤንድ ጥቁር ሴቶች አሮጌ የሥራ ልብስ ሳይቀር እየቆረጡ በዓይን ልክ የሰፉት ኩዊልት ከ2002 ጀምሮ በሂዩስተንና በኒው ዮርክ ታላላቅ ሙዚየሞች ታይቷል። ውበቱ ከሌላ ምንጭ ነው፤ እኔም ከልቤ አደንቀዋለሁ።

ወደ ሹሉ ጫፍ ስንመለስ፣ ካውያው ላይም ብዙ ሥራ ይበላሻል። ልብስ ሲተኮስ እንደሚደረገው ወዲያና ወዲህ ከተገፋ ጨርቁን በሰያፍ ይለጥጠዋል። ይልቁንስ ካውያውን አንስቶ መልሶ መጫን ይሻላል፤ ከመቁረጥ በፊት አሚዶ የተረጨበት ጨርቅም በቀላሉ አይለጠጥም። ስፌቱ መጀመሪያ እንደተዘጋ ይተኮሳል፣ ከዚያ ይከፈትና ትርፉ ወደ አንድ ጎን ይተኛል። የአንዱ ረድፍ ትርፍ ወደ ግራ፣ የሚቀጥለው ወደ ቀኝ ከተኛ፣ ሁለቱ ረድፎች ፊት ለፊት ሲገጠሙ የአንዱ እብጠት ከሌላው ጎን ተቀምጦ ይቆለፋል። መጋጠሚያው በጣት ሲዳሰስ ደረጃው ከጠፋ ስፌቶቹ ልክ ተገናኝተዋል፤ ያኔ እስፒል ወግቶ መስፋት ነው።