ሞተር ከመትከል በፊት ማስላት

ለባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ኬብል ስንመርጥ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን አምፔር ብቻ ማየት አይበቃም። ለምሳሌ ወፍጮ የሚያሽከረክር 22 ኪሎዋት ሞተር በ380 ቮልት ሲሠራ 43 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ከቆመበት ሲነሣ ግን ስድስት እጥፍ፣ ማለትም ወደ 260 አምፔር ሊስብ ይችላል። የሚሽከረከረው ክፍል ገና ስላልተንቀሳቀሰ መግነጢሳዊው መስክ በሙሉ ፍጥነቱ ያቋርጠዋል፤ በውስጡም ከፍተኛ ኮረንት ያመነጫል።

ኬብሉ ረዥምና ቀጭን ከሆነ ይህ ኮረንት በመንገድ ላይ ቮልቴጅ ያስቀራል። ለሞተሩ የሚደርሰው 80 በመቶ ብቻ ነው እንበል። የማሽከርከር ኃይሉ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን ወደ 64 በመቶ ይወርዳል። ጭነቱ ከዚህ ከበለጠ ሞተሩ ሳይነሣ ያጓራል፤ ጥቅልሉም ይቃጠላል።

ስለዚህ አስቀድመን ከትራንስፎርመሩ ያለውን ርቀት ለክተን የኬብሉን ውፍረት በሚነሣበት ኮረንት ጭምር እናሰላለን። ስታር-ዴልታ ማስነሻ ከመስመሩ የሚሳበውን ኮረንት ወደ አንድ ሦስተኛ ይቀንሳል፤ የማሽከርከር ኃይሉንም እንዲሁ። በመሆኑም ወፍጮው ሙሉ ፍጥነቱን ሳይይዝ እህል ሊገባበት አይገባም። የመከላከያ ሪሌውም በሰሌዳው አምፔር መሠረት ይስተካከላል።

በወረቀት ላይ የተገኘ ስሕተት በላጲስ ይጠፋል፤ የተቃጠለ ጥቅልል ግን እንደ አዲስ እስኪጠቀለል ወፍጮው ቆሞ፣ እህል ያመጣውም ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።