ኮምፒውተር ሲታደስ አሮጌው ፕሮግራም ይጣል?

የቤት ኮምፒውተር መንቀራፈፍ ሲጀምር ልጆች የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግና አዲስ ዊንዶውስ ይጫንበት»። ምክሩ ምክንያት አለው። ለምሳሌ ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በኋላ መደበኛው የደኅንነት እድሳት ቆሞበታል። እድሳት ያቆመ ፕሮግራም ይዞ ኢንተርኔት መክፈት ቁልፉ የተበላሸ በር እንደመተው ነው። ጥያቄው ግን አሮጌው ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ሐኪም መድኃኒት ሲቀይር የቀድሞው መድኃኒት ከአዲሱ ጋር በአንድ መሳቢያ አይቀመጥም፤ በስሕተት ሁለቱም ሊዋጡ ይችላሉ። የሕመምተኛው ካርድ ግን አይጣልም። ኮምፒውተር ላይም እንዲሁ ነው፤ ፕሮግራሙ መድኃኒቱ፣ የጻፍነው ነገር ደግሞ ካርዱ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ነገሩ ትንሽ ይከብዳል። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ሲጻፍ ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደላትንና ምልክቶችን ነበር፤ እነዚያን አማርኛ አድርጎ የሚያሳየን የፕሮግራሙ ፎንት ነው። ፎንቱ ከሌለ የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ ኑዛዜው፣ በአባት ቀብር ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ የማይነበብ የምልክት ክምር ሆኖ ይከፈታል።

ፎርማት የሚያደርግ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ «ዶክመንት አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስለ ፎንት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከቤት ከመውጣቱ በፊት የሚከተሉትን ያድርጉ።

መጀመሪያ ጽሑፎቹንና ፎቶዎቹን በሁለት ቦታ ይገልብጡ፤ አንዱ ፍላሽ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። አሮጌዎቹን የአማርኛ ፎንቶችና የመጫኛ ሲዲውን፣ ካለ፣ ከጽሑፎቹ ጋር ያስቀምጡ።

ቀጥሎ ዋና ዋናዎቹን ጽሑፎች በአሮጌው ኮምፒውተር ከፍተው በፒዲኤፍ ያስቀምጡ። ፒዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ በስልክም ይነበባል። መነበቡን ግን በሌላ ሰው ስልክ ከፍተው ያረጋግጡ።

ወደፊት ማረም የሚፈልጉትን ወደ ዩኒኮድ ያስቀይሩ፤ ይህን የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ሲቀየር ፊደል ሊዛባ ስለሚችል ስምና ቁጥርን አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ዋናውን ቅጂ አይሰርዙ።

ጽሑፉ ምልክት ብቻ ሆኖ ቢከፈትም ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት። ፎንቱ ሲገኝ ተመልሶ ይነበባል።

ዊንዶውስ ሳይፎረመት ወደ አዲሱ ሲያድግ አሮጌውን ለ10 ቀናት ያህል ይዞ ወደኋላ መመለስ ይፈቅዳል። ፎርማት ከተደረገ ግን ይህ ዕድል የለም። እነዚያን 10 ቀናት ጽሑፎችን እየከፈቱ ለመፈተሽ ይጠቀሙባቸው። አሮጌው ኮምፒውተር ራሱ ካልተጣለም ኢንተርኔት ሳይገባበት ለማንበቢያ ብቻ ሊቀመጥ ይችላል።

ስልክ ላይ ያለው ጉዳይ ይለያል። የባንክ፣ የቴሌግራምና የዋትስአፕ አፕሊኬሽኖች ከገንዘብና ከሰው ምሥጢር ጋር ስለሚገናኙ አሮጌያቸውን ይዞ መቆየት አይመከርም። «አዲሱ አስቸገረኝ» ሲሉ «የድሮው ይኸውና» ብሎ በቴሌግራም ፋይል የሚልክልዎ ሰው ቢኖር አይጫኑት፤ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። እድሳቱን ከስልኩ የአፕሊኬሽን መደብር ብቻ ይውሰዱ።

እንግዲህ ለአሮጌው ፕሮግራም የሚሰጠው ጊዜ ጽሑፎቹ በአዲሱ ላይ መነበባቸው እስኪረጋገጥ ድረስ ነው። በዚህ ሳምንት የልጅ ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው አንድ የቆየ የቤተሰብ ጽሑፍ ይክፈቱ። ልጁ ማንበብ ከቻለ ኮምፒውተሩ ይታደስ።