ሠንጠረዡ የማያውቀው ሰዓት፦ ከወድ ኤል ሒለው የቅጂ መዝገብ የተገኘ ትምህርት

በምሥራቅ ሱዳን፣ ከኢትዮጵያ ድንበር በማይርቀው በወድ ኤል ሒለው፣ ሁለት የሰዓት አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ይኖራሉ። የሱዳን ዓረብኛ ተናጋሪ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ተነሥቶ ይቆጥራል፤ አማርኛና ትግርኛ ተናጋሪው ደግሞ ከንጋትና ከምሽት። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ በአንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ሲገናኙ የሚፈጠረውን ስሕተትና መፍትሔውን ያስረዳል።

የቅጂዎቼን መዝገብ በሰዓት ቅደም ተከተል ሳስይዝ ብዙ ረድፎች ከታች ተከማቹ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤክሴል ሰዓትን የሚያውቀው የቀን ክፍልፋይ አድርጎ ነው፤ ንጋት 12 ሰዓት፣ ማለትም 6:00፣ ለእርሱ 0.25 ሲሆን እኩለ ቀን 0.5 ነው። ወደዚህ ቍጥር ሊለውጠው ያልቻለውን እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል። የሕዋሱ አሰላለፍ ካልተነካ ቍጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። «ኢዝነምበር» የተባለው ቀመርም ልዩነቱን ያረጋግጣል።

ሰዓቱ ጽሑፍ ሆኖ የሚቀርባቸው የተለመዱ ምክንያቶች አራት ናቸው፦ በ«:» ፈንታ የአማርኛው «፡» መግባቱ፤ በግእዝ አኃዝ መጻፉ፤ «3:30 ጠዋት» እንደሚባለው ቃል መከተሉ፤ ከሌላ ሰነድ ሲገለበጥ ዓይን የማያየው ክፍት ቦታ አብሮ መምጣቱ። የሕዋሱን ቅርጽ ወደ «ሰዓት» መቀየር ብቻውን አይፈውሰውም። ዋናውን ዓምድ ሳይነኩ ቅጂውን በአዲስ ዓምድ ማጽዳት፣ ከዚያም «ታይምቫልዩ» በተባለው ቀመር ወደ ቍጥር መለወጥ ይገባል።

ይሁን እንጂ የከፋው ስሕተት ሠንጠረዡ አልቀበልም ያለው ሳይሆን ያለ ተቃውሞ የተቀበለው ነው። ረዳቴ ሰዓቱን በየቅጂው ቋንቋ ልማድ ይጽፍ ነበር። አንዲት እናት አንዱን ተረት ጠዋት በዓረብኛ፣ ከቀትር በኋላ በአማርኛ ነገሩን። ጠዋቱ «8:30» ተባለ፤ ከቀትር በኋላ ያለውም «ከሰዓት በኋላ 8:30»። እኔ ቃላቱን ሳጸዳ ሁለቱ ረድፎች አንድ መሰሉኝ፤ አንዱን ተደጋጋሚ ነው ብዬ ሰረዝሁት። መቅጃው በ14:30 የያዘው ድምፅ ያለ ተናጋሪ ስምና ያለ ፈቃድ መዝገብ ቀረ። ፈቃዱ ያልታወቀ ድምፅ ደግሞ በቤተ መዛግብት ሊቀመጥ አይገባም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከትግራይ የተሰደዱ ብዙ ሰዎች በሐምዳይት አልፈው ወደ ኡም ራኩባና ቱናይድባ እንደ ተወሰዱ ሁሉ፣ በዚህ ድንበር ተናጋሪን ተመልሶ መጠየቅ ሁልጊዜ አይቻልም። ነገሩን ያዳነው በእጅ የተጻፈው ደብተር ነው።

ቃላቱ ሳይጠፉ ቢቆዩ ልወጣው ቀላል ነው። በቀን ቍጥር የተነገረ ሰዓት ላይ 0.25፣ በሌሊት ቍጥር የተነገረው ላይ 0.75 ይደመራል፤ ከ1 ካለፈ «ሞድ» በተባለው ቀመር ሙሉው ቀን ይቀነሳል። ስለዚህ ጠዋት 3:30 ወደ 9:30፣ ሌሊት 8:00 ወደ 2:00 ይለወጣል። ጥንቃቄ የሚሻው 12ኛው ሰዓት ነው። «ጠዋት 12:30» ገና የሌሊቱ ቍጥር ስለሆነ 0.75 ተደምሮበት 6:30 ይሆናል፤ «ጠዋት 1:00» ግን የቀኑ ነው። «ምሽት 12:30» የቀኑ ቍጥር ስለሆነ 18:30 ይሆናል፤ «ምሽት 1:00» የሌሊቱ ነው። እንግዲህ «ጠዋት» እና «ምሽት» ብቻቸውን ቀመሩን አይወስኑም፤ ከቍጥሩ ጋር መነበብ አለባቸው።

ሌላው የአገር ልዩነት ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ ሰዓቱ የተነበበበት ስልክ በየትኛው አገር ሰዓት እንደ ተሞላ ካልተጻፈ አንድ ሰዓት ይዛነፋል።

ለመስክ ሥራ አራት ዓምዶች ይበቃሉ፦ ሰዓቱ እንደ ተነገረ፣ የተነገረበት ቋንቋ፣ የተነበበበት የአገር ሰዓትና የተለወጠው ቍጥር። የመጀመሪያው ዓምድ ፈጽሞ አይታረም። «ረፋድ»፣ «ቀትር»፣ «ውድቅት» የሚሉት ቃላት ለኤክሴል እንቅፋት ቢሆኑም ለእኛ ልናጠናው የመጣነው ቋንቋ ራሱ ናቸው።