መድኃኒት ቀማሚውና የአእምሮ ሕመምተኛው

መድኃኒት ቀማሚ ማለት የሐኪምን ጽሕፈት አንብቦ፥ ብልቃጥ አንሥቶ፥ ሒሳብ ተቀብሎ የሚያሰናብት ሰው የሚመስለው ብዙ ነው። የአእምሮ ሕመምና የሱስ ነገር ሲነሣ ግን ይህ ግምት አይበቃም። ሐኪሙ በሽተኛውን የሚያየው በስንት ጊዜ አንድ ቀን ነው፤ ባንኮኒው ዘንድ ግን ሰውየው ደጋግሞ ይመጣል።

ምሳሌውን ከእንግሊዝ አገር እናምጣ። ሜታዶን ለሄሮይን ሱስ መታከሚያነት ስሙ የገነነው፥ ቪንሰንት ዶልና ማሪ ናይስዋንደር የተባሉ ሐኪሞች ኒውዮርክ ላይ ያደረጉትን ምርምር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ ነው። መድኃኒቱ አንድ ጊዜ ተጠጥቶ አንድ ቀን ያህል ስለሚያቈይ፥ ሰውየው ሄሮይን ሲያጣ ከሚይዘው ሥቃይ ያርፋል። በእንግሊዝ አገር ብዙ ሕመምተኛ፥ ይልቁንም ሕክምናውን ሲጀምር፥ በየዕለቱ ወደ ሰፈሩ መድኃኒት ቤት ሄዶ በቀማሚው ፊት ይጠጣል። ነገሩ ዘበኝነት ብቻ አይደለም። ሦስት ቀን በተከታታይ ቀርቶ የመጣ እንደ ሆነ፥ ቀማሚው አስቀድሞ ሐኪሙን ያነጋግራል እንጂ የቀድሞውን መጠን አይሰጠውም፤ ሰውነቱ መልመዱን መተው ጀምሯልና ባለፈው ሳምንት የጠቀመው መጠን ዛሬ ትንፋሹን ሊያቆም ይችላል። ደግሞስ ሁሉ የሚሸሸውን ሰው በየቀኑ ስሙን ጠርቶ «እንዴት አደርክ» የሚለው መኖሩ ቀላል ነገር ነውን?

ሊቲየምም እንዲሁ ነው። ስሜቱ ከልክ በላይ የሚወጣና የሚወርድበትን ሰው ያረጋጋል፤ ሆኖም የሚጠቅመውና የሚመርዘው መጠን ተቀራራቢ ነው። በሽተኛው ለራስ ምታት ኢቡፕሮፌን ቢገዛ፥ ኩላሊቱ ሊቲየሙን እንደ ልብ አያስወጣምና በደሙ ይከማቻል። በዚያች ሰዓት «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ከባንኮኒው በስተኋላ የቆመው ሰው ብቻ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከአማኑኤል ሆስፒታል መድኃኒት ታዞለት ጸበል የገባ ሰው፥ እንክብሉን በድንገት ቢተው ሕመሙ ሊያገረሽበት እንደሚችል፥ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አጣምሮ መያዝ እንደሚቻል ለቤተ ሰቡ ማን ይንገር? የፈተና ሰሞን እንቅልፍ እምቢ ብሎት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳያዜፓም የሚፈልግ ጓደኛችንስ? «የለም» ብሎ መመለስ ሕጉን መጠበቅ ነው፤ ተማሪው ግን ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳል። «እንቅልፍ ካጣህ ስንት ጊዜህ ነው?» ቢባል ምናልባት ይናገር ነበር፤ በወረፋው ሁሉ ፊት ግን አይናገርም። በእንግሊዝ አገር ብዙዎቹ መድኃኒት ቤቶች ለዚህ የምትሆን ትንሽ ክፍል አላቸው። ለእኛ ለጊዜው አንድ መጋረጃና አንድ ወንበር ይበቃ ነበር።