አይብ በጎመን ለድግስ

ድግስ በዶሮና በሥጋ ብቻ አይደምቅም። ከላማችን ወተትና ከጓሯችን ጎመን እንግዳ የሚያስደስት ምግብ እናገኛለን። ይህም አይብ በጎመን ነው።

በመጀመሪያ የወተቱን ዕቃ በደንብ አጥበን በወይራ እናጥነዋለን። ወተቱ ሲረጋ ንጠን ቅቤውን እናወጣለን። የቀረው አሬራ ነው። አሬራውን በድስት አድርገን በለስላሳ እሳት እንጥዳለን። እሳቱ ከበረታ አይቡ ይደርቃል። አይቡ ተሰብስቦ አጓቱ ሲለይ እናወርደዋለን። ሲበርድ በንጹሕ ጨርቅ እናጠልለዋለን። ከ8 ሊትር አሬራ ወደ 1 ኪሎ አይብ ይገኛል። አጓቱም አይደፋም፤ ለጥጃ ይሰጣል።

ጎመኑን አጥበን እንቀቅላለን። ውኃውን ጨምቀን አድቅቀን እንከትፈዋለን። ንጥር ቅቤ፣ ኮረሪማ፣ ሚጥሚጣና ጨው ጨምረን ከአይቡ ጋር እናዋህደዋለን።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ እንበል። ለስላሳ እሳት የበሽታ ተሐዋስያንን ሁሉ አይገድልም። የቲቢ በሽታ ከታመመች ላም በጥሬ ወተት ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። ላሟ ጤነኛ መስላ ብትታይም በሽታው ሊኖርባት ይችላል። ስለዚህ ላማችንን የእንስሳት ሐኪም ይመርምርልን። የታመመች ላም ወተት ለአይብ አይሁን።

«ከድግሱ ሳምንት አስቀድመን ብንሠራው ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። አለበት እንጂ! አይብ እርጥብ ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል። በዋዜማው እንሥራው፤ ከድነን ቀዝቃዛ ቦታ እናስቀምጠው። ከማቅረባችን በፊትም እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። እንግዳ የምንጠራው ልናስደስተው ነው እንጂ ልናሳምመው አይደለም።