ቱሊፕ በሐዋሳ ለምን በየዓመቱ አያብብም?

ድንክ ቱሊፕ ከውጭ አስመጥተው ለመትከል ያሰቡ ሰዎች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት የአበባውን ጠባይ ቢያውቁ ይበጃቸዋል፡፡ የመካከለኛው እስያ ተራሮች ተወላጅ በመሆኑ፣ ለማበብ ከ12 እስከ 16 ሳምንታት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ይሻል፡፡ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ሐዋሳ፣ በሐይቁ ዳር በጉዱማሌ አካባቢ፣ ይህን ያህል የሚዘልቅ ብርድ የለም፡፡

ሽንኩርት መሰል ሥሩን በማቀዝቀዣ አቆይቶ መትከል ይቻላል፡፡ ይሁንና ከፍራፍሬ የሚወጣው ኤትሊን ጋዝ እምቡጡን ስለሚያበላሽ አብረው አይቀመጡም፡፡ እንዲህም ሆኖ የሚያብበው አንዴ ነው፤ ለቀጣዩ ዓመት አዲስ መግዛት ግድ ይላል፡፡

በየዓመቱ ራሱ የሚመለስ አበባ ለሚሹ አገር በቀሉ ስካዶክሰስ ይመረጣል፡፡ በበጋ መሬት ውስጥ አንቀላፍቶ ዝናብ ሲጀምር ኳስ የመሰለ ቀይ አበባ ያወጣል፡፡ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ውኃ በማይቋጥር አፈር ይተከል፡፡ ሥሩ መርዛማ ስለሆነ ግን ከሕፃናትና ከከብት ይራቅ፡፡